ሦስተኛው ስም

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የሸለመኝ አንድ ሬዲዮ ነው። በቶጎጫሌ በኩል ከሚገባው የቻይና ዕቃ፣ ፍላሽ የሚያነብ፣ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚጨፍርበት። ቤት ወስጄ እንደ ልማዴ ገለበጥኩት። ብሎን የለውም። ዙሪያውን በሙጫ ተጣብቋል። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ሲፈታ ለኖረ ሰው የማይፈታ ሬዲዮ ሸለሙት። ክፋት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ክፋትም ቢሆን ማሰብ ይጠይቃል።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ እሱም የእኔን በትክክል ጠርቶ አያውቅም። ሥራችን በጅጅጋና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለየትምህርት ቤቱ የታደሉትን ሬዲዮኖችና ድምፅ ማጉያዎች መጠገን ነበር። ደርግ በወደቀ ማግስት ከድሬዳዋ መጥቼ ስቀጠር ሁለት ቀን ተጉዞ አንድ ሽቦ በይዶ መመለስ ሥራ ይባል ነበር። ደመወዙን አታንሱብኝ። ሀርሺን ተመድቤ በነበረ ጊዜ አንድ ርዕሰ መምህር አዲሱን ሬዲዮ እንዳይበላሽብኝ ብሎ ለዓመታት በቁም ሣጥን ቆልፎበት አገኘሁ። ስከፍተው ባትሪው ፈስሶ ሆዱን በልቶታል። «ሳይነካ እንዴት ይበላሻል?» አለኝ፤ «ሳይነካ ስለሆነ ነው» ስለው ተቀየመኝ። ውሃ በቦቴ በሚጠጣበት አገር ለሬዲዮ ማን ያዝናል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ሙያ የተማርኩት ግን ከአዴር ጃማ ነው። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ እኔም እንደ ከተማው ሰው አዴር እላቸው ነበር። የጅጅጋ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ኤደን ወደብ ወርደው የመርከብ ሬዲዮ ከሚጠግን ህንዳዊ ሥር ሠርተዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ለባሽ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከወገብ በታች የሚወጣ የሚመስል ሰው ነበሩ። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ያሸቱታል። «ወረያ ታዴ፣ አፍንጫ ከቴስተር ይቀድማል» ይሉኛል፤ ወረያ «አንተ» ማለት ነው፣ ታደሰ ማለት ደግሞ አፍ ያደክማል ብለው ታዴ አድርገውኛል። ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ሲነኩ ግራ እጃቸውን ሽርጣቸው ወገብ ውስጥ ይሸጉጣሉ። በሁለት እጅ የነካ ሰው ልቡን መሀል አስገብቶታል ይላሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ትራንስፎርመር ምን ያህል እንደጋለ የሚለኩት በመዳፍ ነው። መዳፋቸውን ሆዱ ላይ ያሳርፉና የቁርአን መክፈቻዋን ፋቲሓን በልባቸው ይቀራሉ። ከ«አልሐምዱ ሊላሂ» እስከ «አሚን» እጃቸው ከቻለ ዕቃው ጤነኛ ነው። መሀል ላይ እጅ ከተነሳ ወዲያው ይጠፋል፤ ንጉሥ ቢመጣ አይከፈትም። እኔ ክርስቲያን ነኝና «በአባታችን ሆይ ብለካስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ያንተ ትረዝማለች፣ ትቃጠላለህ» አሉኝ። «በፋቲሓ ለካ፤ እግዜር አይቀየምህም።»

ይኸው እስከ ዛሬ የምለካው በእሷ ነው።

አሁን ወደ አውበሬ ልውሰዳችሁ። የድሮ ሰው ተፈሪ በር የሚላት ከተማ ናት። ከድንበር ማዶ በጦርነት የተሰደደ ሕዝብ አጠገቧ በላስቲክ ጎጆ ሰፍሮ ነበር። እኔና አዴር ጃማ ለአውበሬና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ተመድበን እዚያው ከረምን። በከተማዋ መሀል ሀጂ ኑር የሚባል ሰው ሻይ ቤት ነበረው። እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ አዴር ጃማ በእጃቸው የሠሩት አምፕሊፋየር ይኖር ነበር።

አምፕሊፋየሩን የሠሩት ከተጣለ የሩሲያ ሲኒማ ማሳያ አካል ነው። ሻሲው ከወደቀ የጭነት መኪና በር ተቆርጦ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ትራንስፎርመሩ በእጃቸው ክር በክር የተጠቀለለ። ድምፁን የሚያወጣው አንድ የሩሲያ ቱቦ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ቱቦ ማለት ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት ድምፅ ያጎላ የነበረ፣ አምፖል የሚመስል የብርጭቆ ዕቃ ነው። ሆዱ ውስጥ ክር ይግላል፤ ክሩ ካልጋለ ቱቦው አይናገርም። ከሥሩ ስምንት እግር አለው፣ ሶኬት ላይ ይሰካል። አምፕሊፋየሩ ከሀጂ ኑር ትንሽ ሬዲዮ ጋር በገመድ ይገናኛል፤ ገመዱ ሲሰካ የሬዲዮው የራሱ ድምፅ ይዘጋና ሁሉም ነገር ደጅ በተሰቀለው ጡሩምባ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ከባሕር ማዶ በሶማልኛ የሚናገር አንድ ጣቢያ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከዜናው ቀጥሎ በጦርነቱ የተበታተኑ ሰዎችን ስም ያነባል። እገሌ የእገሌ ልጅ የእገሌ ልጅ፣ በሕይወት አለሁ፣ እናቴን ፈልጉልኝ ይላል። ከመጠለያው ሕዝብ እየጎረፈ ይመጣል። ወንዶቹ ከሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ሴቶቹ ከደጅ ከተወጠረው ሸራ ሥር ይቀመጣሉ።

የሶማሌን ስም የሚያውቅ ያውቃል። መሐመድና አህመድ ስፍር ቁጥር የለውም። ስለዚህ ስም አሰማሙ ሥርዓት ነበረው። የመጀመሪያው ስም ሲጠራ ልጇ በዚያ ስም የሚጠራ ሴት ሁሉ ትነሳለች። የአባቱ ስም ሲጠራ አብዛኞቹ ይቀመጣሉ። የአያቱ ስም ሲጠራ አንዲት ብቻ ቆማ ትቀራለች፤ ወይም ማንም አይቀርም። ማንም አላስተማራቸውም፤ እንዲሁ የመጣ ነው። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ስም ተጠርቶ ሦስተኛው እስኪመጣ እንደነበረው ዝምታ ያለ ግን አላየሁም። አንዲት ሴት ቆማ የቀረች ቀን ሀጂ ኑር ለሁሉም ሻይ በነፃ ይቀዳ ነበር። በጣም ብዙ ቀን አላከሰርነውም።

ከሴቶቹ አንዷ ኤዶ ፋዱማ ነበሩ። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይጠራቸው ነበር። ልጃቸው አህመድ አብዲ ጉሌድ ነው። ሐርጌሳ ስትደበደብ ከእጃቸው አምልጦ ከሌላ ሕዝብ ጋር እንደ ሄደ ቀረ። ኤዶ ዘግይተው ስለሚደርሱ ሁልጊዜ የሸራው ጠርዝ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ወተት ሸጠው ነበርና የሚመጡት። የሚቀመጡትም ለስሙ ብቻ ነው፤ ዜናውን ቆመው ነው የሚሰሙት።

የሩሲያው ቱቦ ደከመ። መጀመሪያ ድምፁ ጎረነነ፣ ቀጥሎ እየተንሾካሾከ መጣ። የመጀመሪያ ስም ይሰማል፣ ሁለተኛው በግምት፣ ሦስተኛው የለም። ሴቶች ተነስተው መቼ እንደሚቀመጡ ጠፋቸው። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በአንድ ያልተሰማ ስም ተጣልተው ፀጉር ተያያዙ። አዴር ጃማ ያን ዕለት ሻይ ሳይጠጡ ወጡ።

ያንኑ ዓይነት ቱቦ ለማግኘት ለሾፌር ሁሉ አደራ አልን። አልተገኘም። ያለን ምርጫ ሁለት ነበር። አንደኛው ከተበላሸ የትምህርት ቤት ማጉያ የነቀልኩት ትንሽ ቱቦ ነው። ጥቂት ነው የሚበላው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ነገር ግን ከሻይ ቤቱ ደጃፍ አያልፍም። ሁለተኛው ሀጂ ኑር ከቶጎጫሌ ገዝቶ ያመጣው የአውሮፓ ቱቦ ነው። ወፍራም፣ አንፀባራቂ፣ ስምንት እግሩ ሶኬቱ ላይ ልክክ የሚል።

«ገባ እኮ!» አለ ሀጂ ኑር፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል።

አዴር ጃማ አውጥተው ገለበጡት። «እግሩ ገባ ማለት ሆዱ ተስማማ ማለት አይደለም፣ ሀጂ። ይሄ ሰውዬ በላተኛ ነው።»

እውነታቸውን ነው። የአዲሱ ቱቦ ክር ከአሮጌው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ የተጠቀለለው ለአሮጌው ልክ ነው። ከዚህም ሌላ በአሮጌው ቱቦ ላይ ሥራ ፈት የነበረው አንደኛው እግር በአዲሱ ላይ ሥራ አለው፤ ከስምንተኛው ጋር ካልታሰረ ቱቦው ያብዳል። አዴር ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። አንደኛውን እግር አሰሩት። ማረጋጊያውን ሬዚስተር ቀየሩ። የቀረው ትራንስፎርመሩ ነው፤ እሱን እንደገና መጠቅለል ወፍራም ሽቦና የሳምንት ሥራ ይጠይቃል፣ ሽቦው ደግሞ ከጅጅጋ መምጣት አለበት።

«ሽቦው እስኪመጣ ትንሿን እንስካት» አልኳቸው። «ትንሽ ድምፅ ከትልቅ ጩኸት ይሻላል እያሉ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ኤዶ ፋዱማስ? እሷ ያለችበት ይደርሳል?»

«ወደ ውስጥ ይግቡ።»

«ኤዶ ከገባች ሌሎቹስ? ሁሉም ይግባ? ሻይ ቤት ነው ስታዲየም ነው?» አሉና ትልቁን ቱቦ ሰኩት።

ያን ዕለት ጠዋት ሞከሩት። የሻይ ቤቱ ጄኔሬተር ተነሳ፣ ቱቦው ቀላ፣ ድምፁ ወጣ። እንዴት ያለ ድምፅ! ገበያው ዞሮ አየ። አዴር መዳፋቸውን አሳርፈው ፋቲሓን ጨረሱ። ሀጂ ኑር አጨበጨበ። እኔ ግን ጠዋቱ ቀዝቃዛ እንደነበረና የሞከሩትም ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ያህል ብቻ መሆኑን አስባለሁ። ያኔ አስቤው ነበር፤ ተናግሬዋለሁም። አዴር አልሰሙኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያንጣጣ ነበር። ወሬ ተሰምቶ ከወትሮው የበዛ ሕዝብ መጣ። ዜናው ተጀመረ። ዜናው መሀል ሲደርስ አዴር ግራ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ሸጉጠው ቀኙን ትራንስፎርመሩ ላይ አሳረፉ። ከንፈራቸውን አየሁ። «ማሊኪ» ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ። ፋቲሓ ገና መጀመሪያዋ ናት።

ጠጋ ብዬ፣ «አዴር፣ አሁን እናጥፋው። ስም እስኪጀመር ይቀዘቅዛል» አልኩ።

ወደ ደጅ አዩ። ከሸራው ጠርዝ ኤዶ ፋዱማ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል፣ የወተት ዕቃቸው በእጃቸው።

«ካጠፋነው ተበላሸ ብለው ይበተናሉ» አሉ። «ተወው። ይችላል።»

ሕይወታቸውን ሙሉ የኖሩበትን ደንብ ሲጥሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሰነፍ ሰው ቢሆኑ አይቆጨኝም ነበር። ለገዛ እጃቸው የማያዳሉ ሰው ለአንዲት እናት አዳሉ፤ ማዳላታቸውም እሷኑ ጎዳ። ይህን ሳስብ አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል።

ስም ተጀመረ። አንድ፣ ሁለት ስም አለፈ። ከዚያ አንባቢው፣ «አህመድ» አለ።

ደጁ በሙሉ ተነሳ ማለት ይቻላል።

«አብዲ።»

ተቀመጡ። ሦስት ሴቶች ቀሩ። ኤዶ ፋዱማ የወተት ዕቃውን መሬት አስቀመጡ። ያንን ዕቃ መሬት ሲያስቀምጡ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ጡሩምባው አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። ከአምፕሊፋየሩ ሆድ ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ሻይ ቤቱን ሞላው። አዴር ጃማ ዘለው የሬዲዮውን ገመድ ነቀሉ። ትንሿ ሬዲዮ በራሷ ድምፅ ተናገረች፤ አንባቢው ግን የሌላ ሰው ስም ጀምሯል። ሦስቱ ሴቶች እንደቆሙ ነበሩ።

ሌላ ሬዲዮ አልነበረም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረ። ከመጠለያው አንዱ መጥቶ «ዑመር ነው ያለው» ብሎ ማለ። ሌላው «ኑር» አለ። ሦስተኛው «ጉሌድ ይመስለኛል» አለ፤ ምናልባት ለኤዶ አዝኖላቸው ይሆናል። ወደ ጣቢያው ተጻፈ፣ መልስ አልመጣም። ከቆሙት ሴቶች ሁለቱ ከጊዜ በኋላ ልጆቻቸውን በሌላ መንገድ አገኙ። አንደኛው ሞቶ ነው የተገኘ፣ ግን ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቱቦውን የገዛው ሀጂ ኑር «ጃማ አርጅቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል» ብሎ አወራ። ወሬው ጅጅጋ ደረሰ። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ፈሪ አለቃ ከክፉው ይብሳል። «የመንግሥት ሠራተኛ ሻይ ቤት ውስጥ በግል ዕቃ ሕዝብ ያስለቅሳል?» አለና አዴር ጃማን ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጣቸው። ያ ሁሉ ሙያ መጥረጊያና ጠመኔ ሲያድል ጡረታው ደረሰ። አንድም ቀን «የሕዝቡን እንባ አይቼ ነው» ብለው አልተከራከሩም። እኔ ተከራከርኩ፤ ሀርሺን የተመደብኩት ለዚያ ነው።

ኤዶ ፋዱማ ግን አልወቀሷቸውም፤ የባሰ ነገር አደረጉ። ለገበያ ጅጅጋ በመጡ ቁጥር ግምጃ ቤቱ በር ላይ ይቆሙና፣ «ጃማ፣ አንተ ለሬዲዮው ቅርብ ነበርክ። ምን አለ?» ይላሉ።

«አልሰማሁም፣ ፋዱማ።»

«ሀየ፣ እሺ» ይሉና ይሄዳሉ። በሌላ ጊዜ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን «ጉሌድ ብሏል ብለው ይገላግሏቸው» ብያቸው ነበር። በንዴት አዩኝ። «ያልጨረስኩትን ፋቲሓ ጨርሻለሁ ልበል?» አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ማን ልክ እንደነበር አላውቅም። አዴር ጃማ ጡረታ ከወጡ በኋላ ብዙም አልቆዩም፣ ሞቱ። ባለቤታቸው የተቃጠለውን አምፕሊፋየር በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ውሰደው፣ ቤት ውስጥ ያየኛል» አሉ።

የመጠለያው ሕዝብ ቀስ በቀስ ወደ አገሩ ተመለሰ። ላስቲክ ጎጆው ተነሳ። ኤዶ ፋዱማ አልተመለሱም። ስሙ የተጠራው አውበሬ ነው፣ ልጄም ቢመጣ የሚፈልገኝ አውበሬ ነው አሉ። እኛ ደግሞ አረጀን። ትምህርት ቤቶች ሬዲዮ መጠቀም ተዉ፣ እኛም ኮምፒውተር ላይ አቧራ እንጠርግ ተባልን። በየሰው ኪስ ስልክ ገባ። ሁሉም ሰው ከሁሉም ሰው ጋር ያወራል፤ የሚሰማ ግን አላየሁም።

ጡረታ ልወጣ ስል ቶጎጫሌ ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥበት ቦታ ያንን የሩሲያ ቱቦ አገኘሁት፣ ከነካርቶኑ። ስንት ዓመት ተለምኖ እምቢ ያለ ነገር ማንም በማይፈልገው ሰዓት ይመጣል። ሻጩ የመድኃኒት ብልቃጥ መስሎታል። ቤቴ ወስጄ አምፕሊፋየሩን ከጆንያው አወጣሁ። የተቃጠለውን ሽቦ ክር በክር ፈታሁ፤ አዴር ጃማ በጠቀለሉበት አቅጣጫ፣ በጠቀለሉበት ልክ አዲስ ጠቀለልኩ። ጡረታዬ ለዚህ ጠቀመኝ። ሰራ። ለምን እንደሠራሁት ልንገራችሁ፤ የአዴር ጃማ እጅ የሠራው ነገር ድሮም ደህና እንደነበር አንድ ሰው እንዲሰማልኝ ፈልጌ ነው። ያ ሰሚ ደግሞ ኤዶ ፋዱማ ነበሩ፤ ሌላው ሁሉ ሞቷል ወይም ረስቷል።

በሚኒባስ አውበሬ ወሰድኩት። ኤዶ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ቤታቸው መብራት ገብቷል። አምፕሊፋየሩን ፊታቸው አስቀምጬ ትንሽ ሬዲዮ ሰካሁበት። ቱቦው ቀላ። ድምፁ ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ ሙሉ፣ ጉሮሮው የተጠረገ ሰው ድምፅ። አንድ ሰውዬ ስለ ከብት ዋጋ ያወራል። ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ ቀኙን ትራንስፎርመሩ ላይ አሳረፍኩ። ፋቲሓ እስከ «አሚን» ሄደች። ደግሜ ቀራሁ፤ እጄ አልተነሳም። ዕንባዬ መጣ።

«ኤዶ፣ ይስሙት። የአዴር ጃማ ነው» አልኩ። «ያኔም ትክክለኛው ቱቦ ቢገኝ እንዲህ ነበር የሚናገር።»

ኤዶ የሰውዬውን ወሬ እስኪጨርስ ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ቆርቆሮውን ዳሰሱት።

«የከብት ዋጋ ነው የሚለው» አሉ።

«አዎ፣ አሁን የስም ፕሮግራም የለም።»

«ይሄ ዕቃ መጨረሻ የተናገረው የልጄን ስም ነበር» አሉ። «አህመድ አብዲ ብሎ ነው ዝም ያለው። ሰው ሁሉ ሲረሳ እሱ ሆዱ ውስጥ ይዞት ነበር። አሁን የከብት ዋጋ ያወራል።»

«ላጥፋው?» አልኩ።

«ማጥፋት አይደለም። ማንም መጥቶ ይከፍተዋል። ዝም ብሎ እንደነበረው መልሰው፣ ልጄ።»

የሠራሁበትን ጊዜ ልንገራቸው አሰብኩ፣ ቱቦው ስንት ዓመት እንደተፈለገ ልንገራቸው አሰብኩ። ተቆጥቼም ነበር። አዴር ጃማ እዚያ ቢኖሩ ምን ያደርጉ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ከዕቃው ይልቅ ለኤዶ ያዳሉ ነበር፣ ያን ዕለትም ያደረጉት ያንኑ ነው።

ከግድግዳው ነቀልኩት። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ከዚያ መቁረጫዬን አውጥቼ፣ ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በእጄ የጠቀለልኩትን ሽቦ ቆረጥኩት።